ፊሩዛ የሚለው ስም ከየት መጣ?

(ለአዲስ አንባብያን በሬዲዮ የተላለፈ ንግግር)



እስቲ ለዛሬ የፊደል ገበታችሁን አቅርቡ። ከ«ሀ» አትነሡ፤ ከመጨረሻው ጀምሩ። የመጨረሻው ፊደል «ፐ» ነው። ከእሱ በፊት ያለው «ፈ» ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እነዚህ ሁለት ጎረቤታሞች ነው። ከብዙ ዘመን በፊት በአንድ ስም ውስጥ «ፈ» የ«ፐ»ን ቦታ ወሰደ። ያ ስም ፊሩዛ ነው።

ነገሩ የተነሣው ከመማሪያ ክፍላችን ነው። ማታ ማታ ከማስተምራቸው ጎልማሶች መካከል ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ አንዲት እናት አሉ። ስማቸው ይኸው ፊሩዛ ነው። ስማቸውን መጻፍ የቻሉ ዕለት ደብተራቸውን እንደ ዕቃ አቅፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በማግሥቱ ሲመጡ ግን ያ ደስታ ፊታቸው ላይ የለም። ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው ሦስት ወረቀቶች ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ። አንዱ መታወቂያቸው ነው፤ «ፍሩዛ» ይላል። ሁለተኛው የጋብቻ ወረቀታቸው ነው፤ «ፈይሩዝ» ይላል። ሦስተኛው የሟች ባለቤታቸውን የቁጠባ ገንዘብ ወራሽ መሆናቸውን የሚገልጽ ወረቀት ነው፤ «ፌሩዛ» ይላል።

«እስከ ትናንት ድረስ ይህ ሁሉ ለእኔ ያው ጭረት ነበር» አሉኝ። «ገንዘቡን ልወስድ ብሄድ ስሙ አይገጥምም ብለው ሁለት ጊዜ መለሱኝ። ምኑ ከምኑ እንደማይገጥም አላውቅም። ትናንት ማታ ነው አንድ በአንድ ያነበብኩት። እስቲ ልጄ፣ እኔ የትኛዋ ነኝ? ደግሞስ ስሜ ምን ማለት ነው?»

ስሙን ያወጣላቸው ከሐጅ የተመለሰ የአባታቸው ወዳጅ እንደነበረ ያውቃሉ። ከዚያ ወዲያ የሚያውቁት የለም። ጎረቤት ደግሞ «ትርጉም የሌለው የባዕድ ስም» እያለ ሲቀልድባቸው ኖሯል። እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቀውም ነበር። አስተማሪ ሲጠየቅ ደንግጦ የመሰለውን መናገር የለበትምና «ጊዜ ይስጡኝ» አልኳቸው። መጻሕፍት አገላብጬ ያገኘሁትን ለእሳቸው ነገርኳቸው፤ ዛሬ ደግሞ ለእናንተ እነግራችኋለሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ።

ፊሩዛ የፋርስ ስም ነው። ፋርስ የምንላት አገር ዛሬ ኢራን ትባላለች። በቋንቋቸው ፊሩዛ የከበረ ድንጋይ ስም ነው። ድንጋዩ ሰማያዊ ነው። ነገር ግን ሰማያዊ ሲባል እንደ ጽሕፈት ቀለም የጠቆረውን አታስቡ። ክረምት ወጥቶ፣ ደመናው ሁሉ ተጠርጎ፣ መስከረም ላይ ጧት ቀና ብላችሁ የምታዩትን ሰማይ አስቡ። አንዳንዱ ድንጋይ ደግሞ ወደ አረንጓዴነት ያደላል። እኛ ለዚህ ቀለም የተለየ ስም የለንም፤ ከ«ሰማይ» አንሥተን «ሰማያዊ» ብለን እናልፋለን። የኢራን ሰዎች ሰማያዊውን ሁሉ በጅምላ ሲጠሩ ከ«ውኃ» አንሥተው «አቢ» ይላሉ፤ «አብ» በእነሱ ቋንቋ ውኃ ነውና። ይህን አንዱን ቀለም ግን ለይተው «ፊሩዜኢ» ይሉታል፤ የፊሩዛ ቀለም ያለው ማለት ነው። ድንጋዩ በአገራቸው ስለሚወጣ ዓይናቸው ለይቶ ያውቀዋል።

ከሁሉ የተመሰገነው ፊሩዛ የሚወጣው በሰሜን ምሥራቅ ኢራን፣ በኒሻፑር አካባቢ ነው። ከኒሻፑር ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በተራራ ላይ አንድ መንደር አለ። ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በዚያ ተራራ ውስጥ እየቆፈሩ ድንጋዩን ያወጣሉ። የመንደሩን ስም ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ «ማዕደን» ነው። አዎን፣ እኛ «ማዕድን» የምንለው ያው ቃል ነው። ከዓረብኛ ወደ ፋርስም ሄዷል፤ ወደ እኛም መጥቷል። ስለዚህ ያን መንደር አይታችሁት ባታውቁም ስሙን ስታነቡ ምን እንደሚሠራበት ታውቃላችሁ ማለት ነው።

ድንጋዩ እንዴት ይፈጠራል? ዝናብ ሲዘንብ ውኃው በዓለቱ ስንጥቅ እየሠረገ ወደ ውስጥ ይወርዳል። ሲወርድ በዓለቱ ውስጥ ያለውን መዳብ ያሟሟል። አሉሚኒየምንም፣ ፎስፎር የሚባለውንም ንጥረ ነገር ይዞ ይሄዳል። ፎስፎር በአጥንታችን ውስጥም ያለ ነገር ነው። እነዚህ ከውኃው ጋር ተዋሕደው በስንጥቁ ውስጥ ቀስ በቀስ ይረጋሉ፤ ከብዙ ዘመን በኋላም ድንጋይ ይሆናሉ። ሰማያዊውን ቀለም የሚሰጠው መዳቡ ነው። ብረት ከገባበት ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ፊሩዛ በዓለት ስንጥቅ ውስጥ ስለሚረጋ ብዙውን ጊዜ እንደ ቀጭን ጅማት ወይም እንደ ትንንሽ እብጠት ሆኖ ይገኛል። በላዩ ላይም ጥቁር ወይም ቡናማ መስመር የሸረሪት ድር መስሎ የሚታይበት አለ። በኒሻፑር ግን ከሁሉ የሚወደደው ምንም መስመር የሌለበት፣ ጥርት ያለው ሰማያዊ ነው።

አውሮፓውያን ይህን ድንጋይ «ቱርኳዝ» ይሉታል። የፈረንሳይኛ ቃል ሲሆን «የቱርክ» ማለት ነው። ድንጋዩ የሚወጣው በፋርስ ነበር፤ ወደ አውሮፓ የደረሰው ግን በቱርክ በኩል ነው። እነሱም ከማን እንደገዙት እንጂ ማን ቆፍሮ እንዳወጣው አልጠየቁም፤ በሻጩ ስም ጠሩት። የቆፋሪው ድካም ተረስቶ የነጋዴው ስም ሲቀር የመጀመሪያው ጊዜ አይደለም።

አሁን ወደ ስሙ ትርጉም እንምጣ። ድንጋዩን ፊሩዛ ያሰኘው ምንድን ነው? ቃሉ የመጣው ከጥንታዊው የፋርስ ቋንቋ ነው። በዚያ ቋንቋ «ፔሮዝ» ማለት ድል አድራጊ፣ አሸናፊ ማለት ነው። የጥንት ሰዎች ይህን ድንጋይ የያዘ ሰው ድል ያደርጋል፣ ክፉ ዓይንም አያገኘውም ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ የድል ድንጋይ አሉት። በቀለበት ላይ ያደርጉታል፤ በሕፃናት ልብስ ላይ ይሰፉታል፤ በፈረስና በአህያ አንገት ላይ ሳይቀር የፊሩዛ ቀለም ያለው ዶቃ ያንጠለጥላሉ። ድንጋይ ከቡዳ አያድንም፤ ይህን እንደ አስተማሪ መናገር ይገባኛል። ስሙ ግን ከዚህ እምነት ተወልዶ እስከ ዛሬ ኖሯል።

ልብ በሉ፤ የጥንቱ ቃል «ፔሮዝ» ነው አልኩ። በ«ፐ» ቤት ነው የሚጀምረው። ታዲያ እንዴት «ፊሩዛ» ሆነ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በአካባቢያችሁ ያሉ ሽማግሌዎች «ፖሊስ» የሚለውን ቃል እንዴት ነው የሚጠሩት? ብዙዎቹ «ቦሊስ» ይላሉ። «ፖስታ» የሚለውንም «ቦስታ» የሚሉ አሉ። ለምን? የ«ፐ» ድምፅ ከውጭ በመጡ ቃላት የገባ እንጂ ለአፋቸው የተለመደ ስላልነበረ ነው። የፊደል ገበታችን «ፐ»ን ከመጨረሻው ያስቀመጠውም ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ስለሆነ ነው። ዓረቦችም እንደዚሁ ናቸው። በቋንቋቸው ውስጥ የ«ፐ» ድምፅ የለም። የፋርስ መንግሥት በሰባተኛው መቶ ዓመት በዓረቦች እጅ ሲወድቅ፣ በ651 የመጨረሻው ንጉሥ ሲሞት፣ ዓረብኛ በአገሩ ተስፋፋ። ዓረቦቹ «ፔሮዝ» ማለት ስላልሆነላቸው «ፈይሩዝ» አሉት። ሽማግሌዎቻችን «ፐ»ን ወደ «በ» እንደወሰዱት፣ እነሱ ወደ «ፈ» ወሰዱት።

ፋርሶችም ከዚያ በኋላ ቋንቋቸውን በዓረብ ፊደል መጻፍ ጀመሩ። ዳሩ ግን እነሱ «ፐ» ማለት ይችላሉ፤ ፊደሉ ነው የሌላቸው። ምን አደረጉ? የ«በ»ን ድምፅ የሚሰጠው የዓረብ ፊደል ከሥሩ አንድ ነጥብ አለው። ሁለት ነጥብ ጨምረው ሦስት አደረጉትና «ፐ» አሉት። ሁለት ነጥብ ብቻ! ከዚህ የተነሣ ዛሬ በኢራን ሁለቱም ቃላት ጎን ለጎን ይኖራሉ። «ፒሩዝ» ሲሉ አሸናፊ ማለታቸው ነው። «ፊሩዜ» ሲሉ ድንጋዩን ወይም ሴቲቱን መጥራታቸው ነው። ከአንድ እናት የተወለዱ እኅትማማቾች ናቸው፤ አንዷ የጥንቱን ድምፅ ይዛ ቀረች፣ ሁለተኛዋ በዓረብኛ በኩል ዞራ ተመለሰች።

በነገራችን ላይ ስም ሰውን አሸናፊ እንደማያደርግ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። ከ459 እስከ 484 በፋርስ የነገሠ ፔሮዝ የሚባል ንጉሥ ነበር። ስሙ አሸናፊ ነው። በስተምሥራቅ ካሉት ሄፍታላውያን ከተባሉ ሕዝቦች ጋር ተዋግቶ ተማረከ። ራሱን ለማስለቀቅ ብዙ ብር ለመክፈል ቃል ገባ፤ ተከፍሎ እስኪያልቅም ልጁን መያዣ አድርጎ ሰጠ። ዐርፎ መቀመጥ ሲገባው እንደገና ዘመተና በ484 በጦር ሜዳ ሞተ። ፕሮኮፒዮስ የሚባል የታሪክ ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ ንጉሡ መሞቱን ባወቀ ጊዜ በቀኝ ጆሮው ላይ የነበረውን ታላቅ ዕንቍ ነቅሎ ጣለው፤ ከእሱ በኋላ ሌላ ሰው እንዳያደርገው ብሎ ነው ይባላል። እኔ ይህን ሳነብ ያሰብኩት ስለ ዕንቍው አይደለም፤ መያዣ ሆኖ ስለተሰጠው ልጅ ነው።

ወደ ሴቶቹ ስም እንመለስ። ስሙ ከፋርስ ተነሥቶ በየአገሩ ተሠራጭቷል፤ እያንዳንዱም አገር በአፉ ልክ አስተካክሎታል። ኢራናውያን «ፊሩዜ» ይላሉ። ታጂኮች «ፊሩዛ»፣ ኡዝቤኮች «ፌሩዛ» ይላሉ። በህንድና በባንግላዴሽ «ፊሮዛ» የሚባሉ ሴቶች አሉ። ዓረቦች «ፈይሩዝ» ይላሉ። በብዙ አገር የምትታወቀው የሊባኖስ ዘፋኝ ፈይሩዝ ወላጆቿ ያወጡላት ስም ኑሃድ ሐዳድ ነው፤ ፈይሩዝ የመድረክ ስሟ ነው። በአገራችንም ፈይሩዝ፣ ፌሩዝ፣ ፊሩዛ የሚባሉ አሉ። እንግዲህ የእናታችንን ሦስት ወረቀቶች አስታውሱ። በጋብቻ ወረቀታቸው ላይ ያለው የዓረቦቹ አጠራር ነው። በውርሱ ወረቀት ላይ ያለው ከኡዝቤኮቹ ጋር ይገጥማል። ጸሐፊዎቹ ይህን አውቀው አይደለም፤ እንደሰሙት ነው የጻፉት። አንድ ስም ግን በሦስት ወረቀት ላይ የእስያን ግማሽ ዞረ ማለት ነው!

ይህን ስነግራቸው እናታችን ሣቁ። ከዚያ ግን ጎረቤታቸው የሚያላግጥበት ሌላ ነገር እንዳለ ነገሩኝ። «የባሪያ ስም ነው ይለኛል» አሉ። ይህን ስሰማ ዝም አልኩ፤ ምክንያቱም ሐሰት ብቻ አይደለም። በጥንት ዘመን በዓረብና በፋርስ አገር ባሪያ የሚገዙ ሰዎች ለገዟቸው ሰዎች የዕንቍና የሽቶ ስም ያወጡላቸው ነበር። ያቁት፣ ሉል፣ ዐንበር፣ ፊሩዝ ይሏቸዋል። ያቁት ቀይ የከበረ ድንጋይ ነው፤ ዐንበር ሽቶ ነው። ከነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ሐበሺ ይባሉ ነበር፤ ከእኛው አካባቢ፣ ከአፍሪካ ቀንድ ተነጥቀው በባሕር የተወሰዱ ናቸው። በ1236 ዴልሂ ላይ ራዚያ የተባለች ሴት ስትነግሥ ከባለሟሎቿ አንዱ ጀማል አድ-ዲን ያቁት የሚባል ሐበሺ ነበር።

ነገር ግን ሌላም አለ። በ1487 በቤንጋል፣ ዛሬ ህንድና ባንግላዴሽ በሚገናኙበት አገር፣ ማሊክ አንዲል የሚባል ሐበሺ የጦር አለቃ ነበር። ባሪያ ሆነው ከመጡት ወገን ነው። የአገሩን ገዢ ገድሎ ዙፋን የነጠቀውን ሰው እሱ በተራው ገደለና ራሱ ነገሠ። ሲነግሥ ስም መረጠ። የመረጠው ስም ምን ይመስላችኋል? ፊሩዝ ሻህ። ድል አድራጊው ንጉሥ ማለት ነው። ጌታ ያወጣለት ስም አይደለም፤ ለራሱ ያወጣው ነው። ጎር በምትባለው የጥንት ከተማ ውስጥ በስሙ የሚጠራ ባለ አምስት ደርብ ግንብ እስከ ዛሬ ቆሟል። ቁመቱ 26 ሜትር ያህል ነው። የታችኞቹ ሦስት ደርቦች ዐሥራ ሁለት ጎን አላቸው፤ የላይኞቹ ሁለቱ ክብ ናቸው። «ፊሩዝ ሚናር» ይሉታል።

ለሴት ልጅ የዕንቍ ስም ማውጣት በፋርስ የተለመደ ነው። ሞርቫሪድ ሉል ናት። ዞሞሮድ አረንጓዴው የከበረ ድንጋይ ናት። ጎሃር ማንኛውም ዕንቍ ነው። ጎሃርሻድ የምትባል ንግሥት ነበረች፤ ስሟ ደስተኛ ዕንቍ እንደማለት ነው። በ1418 በማሽሃድ ከተማ ያሠራችው መስጊድ አሁንም አለ። የመስጊዱ ጉልላት የፊሩዛ ቀለም አለው። ጉልላቱ ግን ከድንጋዩ የተሠራ አይደለም፤ ቀለም ተቀብቶ በእሳት የተተኮሰ ሸክላ ነው። በዚያ ዓይነት ሸክላ ላይ ሰማያዊውን የሚያወጣው ያው መዳብ ነው።

እኛስ? ለምን ሩቅ እንሄዳለን? በክፍላችን ውስጥ ሦስት አልማዞች አሉ። አልማዝ የከበረ ድንጋይ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ቃሉ ግን ከግሪክ «አዳማስ» ተነሥቶ፣ በፋርስና በዓረብ በኩል ተለዋውጦ የመጣ ነው። ትርጉሙ የማይሸነፍ፣ የማይበገር ማለት ነው። ከድንጋይ ሁሉ ጠንካራ ስለሆነ ነው። እንግዲህ ፊሩዛ አሸናፊ ናት፣ አልማዝ የማትሸነፍ ናት። ሁለቱ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲማሩ ማን ያሸንፋል ብለው ተማሪዎቹ እስኪበቃቸው ሣቁ። ያ ጎረቤት የአልማዝን ስም የባዕድ ነው ብሎ አያውቅም፤ ጆሮው ስለለመደው ነው።

ስለ ድንጋዩ አንድ ምክር ልጨምር። ከዓረብ አገር የተመለሱ ዘመዶች የፊሩዛ ቀለበት ይዘው ይመጣሉና ይጠቅማል። ፊሩዛ እንደ አልማዝ ጠንካራ አይደለም፤ ጥንካሬው ከብርጭቆ ጋር ይቀራረባል። በዓይን የማይታይ ቀዳዳም ስላለው ቅባት፣ ላብና ሳሙና ይመጥጣል። ሲቆይ ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ጸጉራችሁን ቅቤ ስትቀቡ፣ ዕቃም ስታጥቡ ቀለበቱን አውልቁ። ከምድጃም አርቁት። ሌላ ነጭ ድንጋይ ሰማያዊ ቀለም ነክረው፣ አንዳንዱም ፕላስቲክ ሠርተው ፊሩዛ ነው ብለው የሚሸጡ ስላሉ፣ ከመግዛታችሁ በፊት የሚያውቅ ሰው አማክሩ።

አሁን የእናታችን ነገር የት ደረሰ ትሉ ይሆናል። ሁለተኛውን ጥያቄያቸውን መልሼአለሁ። የመጀመሪያውን፣ «እኔ የትኛዋ ነኝ?» ያሉትን፣ የመለሱት ራሳቸው ናቸው። ሦስቱን ወረቀቶች ደርድረው ትንሽ አሰቡና፣ «እናቴ ስትጠራኝ ፊሩዛ ነበር የምትለው» አሉ። በዚያው ተቆረጠ። ሦስቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸው እንዲረጋገጥላቸው ለፍርድ ቤት ማመልከቻ ጻፍን። ምስክሮች ቆጠሩ። ከማመልከቻው ሥር እንደ ልማዱ የቀለም መርገጫው ለአውራ ጣታቸው ሲቀርብላቸው፣ በእጃቸው ገፋ አደረጉና እስክሪብቶ ጠየቁ። ሦስት ፊደል ለመጻፍ ጊዜ ወሰደባቸው፤ ከኋላ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ቆሞ ጠበቀ። ጸሐፊው አንብቦ «ፍሩዛ» ብሎ በመዝገቡ ላይ ሊያሰፍር ሲል፣ «አይደለም ልጄ» አሉት። «ሣልሱ ነው። ፊ።»

ጉዳዩ ገና በቀጠሮ ላይ ነው።

አሁን እናንተም እርሳሳችሁን አንሡ። በመጀመሪያ ይህን መስመር ጮክ ብላችሁ አንብቡ፦ ፈ ፉ ፊ ፋ ፌ ፍ ፎ። ቀጥሎ ይህን፦ ፐ ፑ ፒ ፓ ፔ ፕ ፖ። ከዚያ «ፔሮዝ»፣ «ፈይሩዝ»፣ «ፊሩዛ» ብላችሁ በደብተራችሁ ጻፉ። በመጨረሻም መታወቂያችሁን፣ የጋብቻ ወረቀታችሁን፣ ሌላም ወረቀት ካላችሁ እሱን አውጡና ስማችሁ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ፊደል በፊደል እያያችሁ አመሳክሩ። የማይገጥም ካገኛችሁ ከነገ ወዲያ አትበሉ፤ ለአስተማሪያችሁ አሳዩ።

እስከሚቀጥለው ንግግራችን ድረስ ደህና ሁኑ።